ጾመኛው ሣጥን

አዘዞ ውስጥ ወይዘሮ ሐረገወይንን የማያውቅ ካህን የለም። የቅዳሴውን ካባ የጠለፈች እሷ፣ የታቦቱን ጃንጥላ ዘርፍ የሰፋች እሷ፣ ጥምቀት ሲቃረብ በሩ የሚንኳኳው የሷ። ባሏ ልጆቹ ሳያድጉ አረፈባት፤ እግዚአብሔር በሰጣት መርፌ አሳደገቻቸው። ትልቁ ይባረክ ባሕር ዳር ትዳር ይዞ ወልዷል። ሴቷ ሚስጥር ውጭ አገር ድረስ ሄዳ ተማረችና፣ ሰው ሁሉ እዚያው ትቀራለች ሲል፣ ተመልሳ ጎንደር ከተማ ወርክሾፕ ገባች።

ሐረገወይንን የሚቸግራት ልጇ ምን እንደምትሠራ ማስረዳቱ ነው። ስፔክትሮግራፍ የሚሉት ስም ምላሷ ላይ አልቀመጥ ብሏታል።

"ለቴሌስኮፕ የሚሆን የብርድ ሣጥን ነው የምትሠራው" ትላለች ጎረቤት ሲጠይቃት።

"ፍሪጅ?"

"ፍሪጅ ምኑ ነው! እሱ አጠገብ ፍሪጅ ምድጃ ነው።"

ሚስጥር ራሷ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁጭ ብላ አስረድታት ነበር። የሚሞቅ ነገር ሁሉ ዓይን የማያየው ብርሃን አለው አለቻት።

"አንቺም ታበሪያለሽ እማዬ።"

"እኔ? በስመ አብ!"

"አንቺም፣ ድመቷም፣ ግድግዳውም። ከዋክብትም እንደዚያ ዓይነት ብርሃን ይልካሉ። ቴሌስኮፑ ይሰበስበዋል፣ የኛ ሣጥን ደግሞ እንደ ቀስተ ደመና ዘርግቶ ኮከቡ ከምን እንደተሠራ ይነግረናል። ግን ሣጥኑ ራሱ ከሞቀ ራሱም ያበራል። የገዛ ብርሃኑ ያሳውረዋል። ስለዚህ አየሩን መጥጠን እናወጣለታለን፣ ከዚያ ውስጡን በፈሳሽ ናይትሮጅን እናቀዘቅዘዋለን። ከዚያ ወዲያ ነው የሚያየው።"

ሐረገወይን ጥቂት አሰበችና "እንግዲያውስ እንደ ጾመኛ በይኛ!" አለች። "ሥጋው ካልቀዘቀዘ አያይም።"

ሚስጥር ስቃ ስቃ ወርክሾፕ ሄዳ ለሁሉም አወራችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሣጥኑን ጾመኛው ነው የሚሉት። የወርክሾፑ አለቃ ዳኛው ሳይቀር፣ ያ ሳቅ የማይወድ የሚመስለው ሰውዬ፣ ጠዋት ሲገባ "ጾመኛው እንዴት አደረ?" ይላል።

ቴሌስኮፑ የተተከለው ከደባርቅ ወዲያ ካለው ጋራ ላይ ነው። ለጾመኛው የሚሆን ቦታ ተይዞለት ነበር፤ ግን እስከ ክረምት መግቢያ ብቻ። ዝናቡ ከጀመረ ያ የጋራ መንገድ ጭቃ ይሆንና ማኪና አይወጣውም። እስከዚያ ካልደረሰ ቦታውን ከሌላ አገር ተሠርቶ የሚመጣ ዕቃ ይወስደዋል። ቀድሞውንም "እንዲህ ያለ ነገር ጎንደር ይሠራል?" ያለው ሰው ብዙ ነው። ሚስጥር ደግሞ ይሠራል ብላ ቃሏን ሰጥታለች። ስትመለስም ለዚሁ ብላ ነው የተመለሰችው። ሐረገወይን ይኸን ካወቀች ወዲህ ማታ ስትጸልይ የይባረክን ልጆች ታነሣና፣ ቀጥላ ደግሞ "ጾመኛውንም አንተ አድርስልን" ትላለች።

እሷ ወደ ሥራው የገባችው በብርድ ልብሱ ምክንያት ነው። ሣጥኑ ከውስጥ በኩል ልብስ ያስፈልገዋል። እንደ ብስኩት ወረቀት የሚያብረቀርቅ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ነው። በየመሐሉ እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ያለ ነጭ መረብ እየገባበት ድርብርብ ሆኖ ይሰፋል። መጀመሪያ ልብስ ሰፊ አምጥተው ነበር፤ የስፌት ማኪናው በጣጠሰው። በእጅ ይሁን ተባለ።

"ለሚቀዘቅዝ ነገር ደግሞ የምን ብርድ ልብስ ነው?" አለች ሐረገወይን ልጇ ስትጠይቃት።

"ከውጭ ሙቀት እንዳይገባበት ነው፣ እማዬ። ካንቺ ሌላ ሳይስብና ሳይቀድ የሚሰፋልኝ ሰው አላውቅም።"

"እኔ ለመቅደስ እንጂ ለሣጥን ሰፍቼ አላውቅም።"

"ሰማይን ሊያይ ነው እኮ።"

ይቺን ስትላት እሺ አለች።

ዐቢይ ጾም ነበር። ጠዋት ጠዋት ከአዘዞ በሚኒባስ ትመጣለች፣ ቅዳሴ ሳይደርስ ትመለሳለች። ወርክሾፑ ውስጥ በመስተዋት የተከለለ ክፍል አለ፤ እዚያ ከመግባቷ በፊት እጇን በሳሙና፣ ደግሞ በአልኮል ታጥባ፣ ጓንት አጥልቃ፣ ቆብ ያለው ነጭ ቱታ ለብሳ፣ አፏን ሸፍና ነው የምትገባው።

"ቅባት እንዳይነካው፣ እማማ" አላት ዳኛው በመጀመሪያው ቀን። "አንዲት ጠብታ እንኳ አየሩን ስንመጥጥ እንደ እንፋሎት ትነሣና ቀዝቃዛው መስተዋት ላይ ታርፋለች። ሎሽን የለም፣ ሽቶ የለም።"

"እኔና ሎሽን መቼ ተዋወቅን ልጄ?"

እጇን እንደሆነ እንደ ዲያቆን ነበር የምትጠብቀው። ሚስጥር ልኩን ትቆርጣለች፣ እሷ ትሰፋለች። እያንዳንዷን መርፌ ስትሰካ "በስመ ሥላሴ" ትል ነበር። የሣጥኑ ሆድ፣ ጀርባ፣ ክዳን፣ ሁሉም ከሰሙነ ሕማማት በፊት አለቀ። የቀረችው አንዲት ትንሽ ቁራጭ ናት፤ ብርሃኑ የሚገባበትን መስኮት የምትከብ። ሐረገወይን አንገትጌ ትላታለች። "እሷን ከትንሣኤ በኋላ" ብላ ወደ ስግደቷ ሄደች።

ፋሲካ መጣ። እህቷ ባንቺአየሁ ከድብ ባሕር በግና አንድ ቅል ለጋ ቅቤ ይዛ ወረደች። ጠጅ ሳር የመሰለ ሽታ ያለው ቅቤ ነው። ሁለት ወር የደረቀ የሐረገወይንን ራስ ይዛ እያሸች እስኪወርድ ድረስ ቀባቻት። ቀጥላ ሚስጥርን ጠራች።

"ነይ አንቺ ፈረንጅ፣ ተቀመጪ።"

"እኔን ተዪኝ አክስቴ። ሣጥኑ ጋራው ላይ እስኪወጣ አልቀባም።"

"በፋሲካ ደረቅ ራስ! ምነው፣ ሰው የሞተብሽ ትመስያለሽ እኮ!"

"ቅቤ ጠልታ መጣችልሽ" አለች ሐረገወይን፣ ትንሽ ከፍቷት።

ሚስጥር ሁለቱንም ሳመቻቸውና ሻሿን መልሳ አሰረች።

ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ሐረገወይን ወርክሾፕ ተመልሳ አንገትጌዋን ሰፋች። እጇን ታጥባ፣ ጓንቷን አጥልቃ፣ ሁሉንም እንደ ደንቡ አድርጋ። እንዲያውም ከሁሉም ቁራጭ እሷ ሸጋ ሆና ወጣችላት።

ሣጥኑ ተዘጋ። ፓምፑ አየሩን መጠጠው፤ ናይትሮጅኑ በበርሜል መጥቶ ነጭ ጢስ እያጨሰ ገባ። ቀዝቅዞ ሲያበቃ በመብራት ሊሞክሩት ነው ተብሎ ሐረገወይንም ድፎ ዳቦ ጋግራ መጣች። ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ መስመር ወጣ። እንደ ኮረብታ ጀርባ ለስላሳ ሆኖ መሄድ ነበረበት። መሐል ላይ ሲደርስ ግን ጉድጓድ ገባ። ድጋሚ ሞከሩት፤ ያው ጉድጓድ፣ ያው ቦታ።

"ስብ ነው" አለ ዳኛው። "እዚህ ቦታ ላይ ብርሃን የሚበላ ቅባት ነው።" ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ አሸ። "ጾመኛው ገደፈ።"

ማንም አልሳቀም።

"የፓምፑ ዘይት ይሆናል" አለ አንዱ።

"ይሆናል። እሱን እፈታዋለሁ። ውስጡም መከፈት አለበት፤ መስተዋቱ ይጸዳል። ልብሱ ላይ ደርሶ ከሆነ ግን ልብሱ ሁሉ ወጥቶ እንደ አዲስ መሰፋቱ ነው። እንደዚያ ከሆነ ክረምት ቀደመን ማለት ነው።"

ሐረገወይን ወደ ልጇ ዞረች። ሚስጥር ኮምፒዩተሩን አልነበረም የምታየው። የእናቷን ግንባር ነበር የምታየው። ወዲያው ዓይኗን መለሰች። ዳቦውን የቆረሰው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው። ሚስጥር ቤት ውላ ምሳ አልበላ አለቻት። ሐረገወይን በመስኮቱ ብርሃን የአንድ ካህን ካባ ይዛ ተቀመጠች፤ እጇ ሥራ ካልያዘ መጽናናት አታውቅም። አንድ ሁለት ጊዜ እንደሰፋች ሚስጥር ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። እንባዋን የምትደብቅ ሰው አወጣጥ ነው።

"ምን ሆነች ይቺ ልጅ?" አለች ሐረገወይን ለራሷ። ደግሞ ወደ መርፌዋ ጎንበስ ስትል እጇ ወደ ጆሮ ግንዷ ሄዶ ደረሰ። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። መርፌው አልሄድ ሲላት ፀጉሯ ውስጥ ሰክ፣ ሳብ፣ ከዚያ ጨርቁ ውስጥ እንደ ውኃ ይገባላታል። እናቷም እንዲህ ነበር የምትሰፋው። እጇ ይኸን ሲያደርግ አእምሮዋ አያውቅም።

መርፌዋን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው። ቅቤ ጠግቦ ያብለጨልጫል።

የቱታው ቆብ ጆሮዋን ስለሚይዛት ገለጥ ታደርገው እንደነበረ ያኔ ትዝ አላት። ካባውን ጭኗ ላይ ጣለችው።

"ሚስጥር! ነይ ወዲህ!"

ሚስጥር ገባች። እናቷ የያዘችውን መርፌ አይታ አንገቷን ደፋች።

"አውቀሻል።"

"ትናንት ነው የገባኝ።"

"ምነው ዝም አልሽኝ?"

"ምን ልበልሽ እማዬ? በስተርጅና ከአዘዞ በሚኒባስ እየተመላለስሽ የሰፋሽልኝን … "

"ያ ምስኪን ዳኛው ፓምፑን እየፈታ ነው አይደል? በከንቱ!"

"ሰኞ ልነግረው ነበር።"

"ምን ብለሽ?"

"እኔ ነኝ ቅቤ ተቀብቼ የገባሁት ብዬ።"

"በሐሰት! ያውም በሃምሳው፣ ጌታ በተነሣ ማግስት!" ሐረገወይን ነጠላዋን ከግድግዳው ላይ ሳበች። "ቅቤው የኔ ነው፣ ራሱም የኔ ነው። ተነሺ፣ ሚኒባስ ያዢልኝ።"

ሚኒባስ ይዘው ወደ ወርክሾፑ ሄዱ። ሐረገወይን በልቧ የልጇን ዓመታት ታስብ ነበር። የዚያን ሁሉ ጊዜ ልፋት አንዲት የመርፌ ልማድ ልታጠፋው። ደግሞ ሌላው ሐሳብ ይመጣባታል፤ ልጄ ስለኔ ስሟን ልታጠፋ ነበር። እንዲህ ያለች ልጅ የሰጠኝ ጌታ፣ ትላለች፣ እንዲህ ያለች ልጅ የሰጠኝ። ምስጋናውና ፍርሃቱ ተቀላቀለባት።

ዳኛው እጅጌውን ሰብስቦ ፓምፑን ወለል ላይ በትኖት አገኙት። ሐረገወይን ሳትቀመጥ ነገረችው፤ መርፌውንም ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ አሳየችው። ሰውዬው እጁን በጨርቅ ደጋግሞ ጠረገ። ሐረገወይን ቁጣውን ጠበቀች።

"እማማ" አላት መጨረሻ ላይ፣ "የቀሩትን ቁራጮች መቼ ነበር የሰፉት?"

"በጾሙ ነዋ።"

"በጾሙ ራስዎን ቅቤ ይቀቡ ነበር?"

"ምን ነካህ ልጄ? ክርስቲያን አይደለሁም እንዴ!"

ዳኛው ወደ ሚስጥር ዞረ። ሚስጥርም አፏን በእጇ ያዘች።

"አንገትጌዋ ብቻ!" አለች። "እማዬ፣ ከፋሲካ ወዲህ የሰፋሽው አንገትጌዋን ብቻ ነው! ሌላው ሁሉ የጾም ነው!"

"እኔ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ስፌት ነው ብዬ ፈርቼ ነበር" አለ ዳኛው። ከዚያ ያልጠበቁትን አደረገ። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ያንን ጉድጓድ አወጣና በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ ሳቅ ሳቅ አለው። "ሚስጥር፣ ስንት ዓመት ሙሉ 'በእርግጥ ያያል ወይ?' ስንል ከረምን። እስኪ ተመልከቺው። በመርፌ ጫፍ የገባች ቅቤ ናት። አየልን እኮ! የእማማን የፋሲካ ቅቤ አየልን!"

ሚስጥር እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ሐረገወይን ነገሩ ሁሉ ባይገባትም እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

"ይኸ እንግዲህ ቁጣ አይደለም?" አለች።

"ቁጣውማ ሰኞ ነው፣ ቆቡን ስለገለጡት" አላት ዳኛው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቷን አባ ገብረ ኪዳንን መስቀል ተሳልማ ያዘቻቸው።

"አባቴ፣ ሣጥኑ እስኪወጣ ቅቤ የሚባል በአፌም በራሴም እንዳይዞር ልሳል ብዬ ነው።"

"በሃምሳው ጾም የለም።"

"ኧረ አባቴ፣ ጥፋት ስላደረስኩ ነው።"

"ሐረገ፣ ጌታ ተነሥቷል። ቅቤሽን ብዪ" አሏት፣ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ። "ራስሽን ግን ታጠቢ።"

ታጠበች። በሳሙና፣ በሎሚ፣ ደግሞ በሳሙና። ባንቺአየሁ በስልክ ሰምታ "ያን የመሰለ ቅቤ ለፍሳሽ!" ብላ አለቀሰች ማለት ይቻላል። ሐረገወይን እንኳ "ልላጨው ይሆን?" ብላ ነበር። "ልትመነኩሺ ነው እንዴ እማዬ? ቆይ እስኪ፣ መጀመሪያ እኔን ዳሪኝ" አለቻት ሚስጥር።

አዲሷ አንገትጌ ስትሰፋ ሚስጥር አጠገቧ ተቀመጠች። የቆቡን ጠርዝ ግንባሯ ላይ በፕላስተር ለጥፋባታለች። የሐረገወይን እጅ ወደ ጆሮ ግንዷ ብድግ ባለ ቁጥር፦

"እጅሽ!"

"አየሁት፣ አየሁት።"

ትንሽ ቆይቶ፦

"እጅሽ እማዬ!"

"እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው። ልማዱ ነው፣ ምን ላድርገው!"

ከመስተዋቱ ውጭ የቆሙት ሠራተኞች መሳቃቸው ይታይ ነበር። የሣጥኑን መስተዋት ዳኛው ራሱ አጸዳው። እንደገና ዘጉት፣ መጠጡት፣ አቀዘቀዙት። መስመሩ ሲወጣ ሐረገወይን ዓይኗን ጨፍና "አቡነ ዘበሰማያት" እያለች ነበር። "ክፈቺው ዓይንሽን" አለቻት ሚስጥር። ኮረብታው ለስላሳ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ሄደ።

ሰማዩ ከሰዓት ከሰዓት መጥቆር በጀመረበት ሰሞን ጾመኛው በማኪና ተጫነ። ሐረገወይንም ከልጇ ጋር ከኋላ ባለው ማኪና ሄደች፤ እምቢ የሚላት አልነበረም። ወለቃ ላይ ሸክላ ሻጮቹ ሣጥኑን እንደ ታቦት ቀስ ብሎ ሲያልፍ አይተው ብድግ አሉ። ከዳባት ወዲያ ካፊያ ጀመራቸው። ሚስጥር የእናቷን እጅ ያዘች፤ ሐረገወይን መዝሙረ ዳዊት በቃሏ እየደገመች ሄደች። ጋራው ሥር ሲደርሱ መንገዱ እርጥብ እንጂ ገና ጭቃ አልሆነም ነበር። ሹፌሩ ወርዶ መሬቱን በጫማው መታ መታ አደረገና "ይወጣል" አለ። ወጣም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጾመኛው ቴሌስኮፑ ላይ ታስሮ፣ ቀዝቅዞ፣ ዝግጁ ሆነ። ፀሐይ እንደገባች፣ ምዕራቡ ገና ሳይጨልም፣ አንድ ደማቅ ኮከብ በደመናው መሐል ወጣ። ሐረገወይን ከቴሌስኮፑ ርቃ በሩ ሥር ቆመች። እሷም እንደምታበራ ታውቃለችና እንዳታውከው።

"ይምጡ እንጂ እማማ፣ ከዚያ ድረስ አያይዎትም" ብሎ ዳኛው ኮምፒዩተሩ ወዳለበት ክፍል አስገባት።

መስመሩ ወጣ። ሐረገወይን ስታየው ደነገጠች። አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም፣ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው።

"ወይኔ ልጄ! አሁን ደግሞ ማን ቀባው?"

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሚስጥር ከኋላዋ አቀፈቻትና ጣቷን ይዛ መስመሩ ላይ አስኬደችው። "ይኸ የአየሩ ነው። ይኸ፣ ይኸም፣ ይኸኛውም የኮከቡ ነው እማዬ። ከምን እንደተሠራ እየነገረን ነው። ያንቺ ደግሞ እዚህ ጋ ነበር፣ አየሽ? የለም።"

"የለም" አለች ሐረገወይን። "ተመስገን። የሱ ብቻ ነው የቀረው።"

ዳኛው ስልክ ሊደውል ወጣ፤ ሣጥኑ ቦታውን ያዘ፣ ያያል፣ ከጎንደር ነው የመጣው ሊል። ድምፁ እስከ ውጭ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ሐረገወይን ከሕንጻው ወጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሚስጥር መጣች። ሻሿን ፈታችና መሬት ላይ፣ በእናቷ ጉልበት መሐል ቁጭ አለች። ፀጉሯ እንደ ገለባ ደርቋል።

"ይዘሽ መጥተሻል አይደል?" አለች።

ሐረገወይን ከቦርሳዋ ቅሉን አወጣች። ከፋሲካ ጀምሮ ለዚህ ነበር ያስቀመጠችው። ቅቤው በፀሐዩ ለስልሶላት በእጇ መሐል አሸችውና የልጇ ራስ ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ አኖረችው።

"ሁለታችሁም!" አለ ዳኛው ከላይ በመስኮት ብቅ ብሎ። "በሩ ጋ እንዳትደርሱ!"

"አንደርስም ልጄ" አለችው ሐረገወይን ቀና ሳትል፣ ሁለት እጇ ቅቤ ሆኖ። "ጾመኛህ ይጹም። እኛ ፋሲካችን ነው።"